ሆም ቴአትርን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል፦ የትኛው ዕቃ ቀድሞ ይቀየር?

ሆም ቴአትሩን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሱቅ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ያያል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ገዝቶም ቤቱ ያስገባል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ቀድሞ ቅር ሲያሰኘው የነበረው ነገር እንዳለ መሆኑን ያስተውላል። እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥናችንን በ55 ኢንች ስቀይር፣ እናቴ ለዓመታት ስታነሣው የነበረው «ሰዎቹ የሚሉት አይሰማኝም» የሚለው ቅሬታ ጨርሶ አልተቃለለም፤ እንዲያውም የአዲሱ ቴሌቪዥን ስፒከሮች ከጀርባው ስለሆኑ ንግግሩ ቀድሞ ከነበረው ይበልጥ ደበዘዘ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት፣ የሚገዛው ዕቃ መመረጥ ያለበት ከጉድለቱ ተነሥቶ እንደሆነ፣ ጉድለቱም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ሳይሆን ከሳሎኑና ከአቀማመጡ እንደሚመነጭ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

በምሳሌነት የምጠቀመው አዲስ አበባ ውስጥ ያለ፣ 3.60 በ4.80 ሜትር የሆነ፣ ወለሉ ሴራሚክ የለበሰ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ቴሌቪዥኑ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ቡፌ ላይ ተቀምጧል፤ ሶፋው ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ ከተመልካቹ ዓይን እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ 3 ሜትር ያህል ነው። የእርስዎ ክፍል ከዚህ ቢለይም አሠራሩ ያው ነው፤ ቁጥሮቹን ብቻ በራስዎ ልኬት ይተኩ።

1ኛ ደረጃ፦ ቅሬታውን በጽሑፍ ማስፈር

ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ቴሌቪዥን ባዩ ቁጥር ያልጣመዎትን ነገር በማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። የቤተሰቡንም አባላት ይጠይቁ፤ በተለይ በዕድሜ የገፉት የሚያቀርቡት ቅሬታ ስለ ድምፁ ጥራት ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ይናገራል። ከዚያ ቅሬታዎቹን ወደ ምክንያታቸው ይመልሱ። ንግግር የማይሰማ፣ ፍንዳታና ሙዚቃ ሲመጣ ግን ድምፁ የሚያስደነግጥ ከሆነ ችግሩ ንግግርን ለብቻው የሚያወጣ መካከለኛ ስፒከር ካለመኖሩ ወይም ከክፍሉ ማስተጋባት የመጣ ነው። ዝቅተኛው ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ፣ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ የሚያጉረመርም፣ ቆመው ሲሄዱ ግን የሚጠፋ ከሆነ ምክንያቱ የሰብዉፈሩ፣ ማለትም ቤዙን የሚያወጣው ስፒከር፣ እንዲሁም የመቀመጫው ቦታ ነው። ጨለማ ትዕይንት ላይ ምንም የማይታይ ከሆነ በመጀመሪያ የቴሌቪዥኑ የምስል ቅንብር፣ ቀጥሎ መስኮቱና መጋረጃው፣ በመጨረሻ የቴሌቪዥኑ ዓይነት ይመረመራል። የትርጉም ጽሑፉን ለማንበብ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ የመጠንና የርቀት ጉዳይ ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያልተመዘገበ ነገር ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

2ኛ ደረጃ፦ ክፍሉን መለካትና ማድመጥ

ሜትር ይያዙና ሦስት ነገሮችን ይለኩ፦ የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ከዓይንዎ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም ከወለል እስከ ዓይንዎ ያለውን ከፍታ። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ብዙ ጊዜ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የቴሌቪዥኑ መካከልም ለዚህ ከፍታ የቀረበ ቢሆን አንገት አይደክምም። ግድግዳ ላይ በጣም ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ለዕይታ ያምር ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ለማየት ግን አይመችም።

ቀጥለው በክፍሉ መካከል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚንቀጠቀጥ፣ የብረት የሚመስል ቅሪት ድምፅ ከሰሙ፣ ያ ድምፅ በሴራሚኩ፣ በጣሪያውና በባዶ ግድግዳዎቹ መካከል የሚመላለስ ነጸብራቅ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ንግግርም እንዲሁ እየተመላለሰ ስለሚደርስብዎት የፊደላቱ ድምፅ ይደራረባል፤ ቃሉም ይጠፋል። ውድ ስፒከር ይህን አያድነውም።

ገንዘብ ሳያወጡ ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። በቤት ውስጥ ያለውን ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ ሰብስበው በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለው ወለል ላይ ያንጥፉ፤ አንዱን ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ግድግዳው ላይ ያንጠልጥሉ፤ ከዚያ በደንብ የሚያውቁትን የዜና ወይም የድራማ ክፍል በተመሳሳይ የድምፅ መጠን ደግመው ያዳምጡ። ልዩነቱ ግልጽ ከሆነ የመጀመሪያው ግዢዎ ወፍራም ምንጣፍና እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ ነው። በእኛ ሳሎን ይህ ሙከራ አንድም ዕቃ ሳይገዛ የእናቴን ቅሬታ ግማሽ ያህል አቃልሎታል። ምንጣፍና መጋረጃ የሚውጡት መካከለኛና ቀጭን ድምፅን ብቻ መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቤዙን አይነኩትም። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የእንቁላል ካርቶንም የሚረባ ጥቅም የለውም።

ሶፋውን በተመለከተ፣ በአገራችን ሳሎን መቀመጫዎች ግድግዳውን ተከትለው ይደረደራሉ፤ መካከሉ ለእንግዳ መተላለፊያና ለቡና ማፍያ ክፍት ይተዋል። ልማዱ ጥሩ ምክንያት ያለው ቢሆንም ለድምፅ ግን ከሁሉም የከፋው ቦታ ግድግዳው ሥር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 3.60 ሜትር በተራራቁ ግድግዳዎች መካከል በ48 ሄርትዝ አካባቢ የቆመ ሞገድ ይፈጠራል፤ ይህ ሞገድ የሚበረታው ግድግዳው አጠገብ ነው። ሶፋውን 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደፊት መሳብ ጉርምርምታውን በመጠኑ ያለዝበዋል፤ ከጀርባ ግድግዳ ተመልሶ ጆሮ ሥር የሚያርፈውንም ነጸብራቅ ይቀንሰዋል። ይኸው 40 ሴንቲ ሜትር በቴሌቪዥን ግዢ ላይ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከታች አሳያለሁ። ቤተሰቡ ቋሚ ለውጥ ካልፈቀደ ደግሞ ፊልም በሚታይበት ምሽት ብቻ ሶፋውን ስቦ ኋላ መመለስ ይቻላል፤ እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ያለውን ዕቃ በትክክል ማስተካከል

ብዙ ቴሌቪዥኖች ከካርቶናቸው ሲወጡ ለሱቅ መብራት የተዘጋጀ፣ ቀለሙ የጋለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የምስል ቅንብር ላይ ናቸው። በምስል ሜኑው ውስጥ «ሲኒማ»፣ «ሙቪ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ይምረጡ፤ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ቅንብር ያጥፉ፤ ሻርፕነሱን ዝቅ ያድርጉ። በመጀመሪያው ቀን ምስሉ የደበዘዘ ሊመስልዎ ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ዓይን ይለምደውና የሰው ፊት ቀለም ትክክለኛ ሆኖ ይታያል።

የዲሽ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተያያዘው በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ገመድ ከሆነ ወዲያውኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ ይተኩት፤ በሪሲቨሩም ሜኑ ውስጥ የምስሉን መጠን ወደ 1080 ከፍ ያድርጉት። ይህ ከሚወጣበት ገንዘብ አንጻር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣ እርምጃ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ድምፁን ከምስሉ ማስቀደም

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ በመጀመሪያ ለድምፅ ይዋል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ምክንያቱም የዛሬ ቴሌቪዥን ቀጭን ስለሆነ ጥሩ ስፒከር የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ መጠነኛ ምስል ከጥሩ ድምፅ ጋር ሲሆን ግን ሰው ፊልሙን ተከትሎ ይሄዳል።

አንድ የስም ጉዳይ አስቀድሜ ላጥራ። በእኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል ብዙ ሰው የሚረዳው የዲሽ ሪሲቨርን ነው፤ በሆም ቴአትር ዓለም ግን ይኸው ቃል ስፒከሮችን የሚያንቀሳቅሰውንና ድምፁን ወደ ቻናሎች (ለየስፒከሩ ወደሚሄዱ የተለያዩ ድምፆች) የሚከፋፍለውን መሣሪያ ያመለክታል። ከሻጭ ጋር ሲነጋገሩ እንዳይምታታብዎ፣ በዚህ ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን «አምፕሊፋየር» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ምርጫው በሦስት መንገዶች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው፣ ሰብዉፈር ያለው ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ቀጭን ስፒከር ነው፤ ቦታ አይፈጅም፣ አንድ ገመድ ይበቃዋል፣ ለሚከራይና ቤት ለሚቀያይር ሰውም ይመቻል። ሲገዙት የቻናሉን ቁጥር ይመልከቱ፤ 2.1 ከሚል ይልቅ 3.1 የሚል ይሻላል (ከነጥቡ በኋላ ያለው 1 ሰብዉፈሩ ነው)፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ቻናል ንግግርን ለብቻው የሚያወጣው መካከለኛ ስፒከር ነው። ሁለተኛው፣ አምፕሊፋየር በውስጣቸው የያዙ ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ናቸው፤ ሙዚቃ ለሚወድና በመካከል ለሚቀመጥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይህን እመርጣለሁ። ሦስተኛው፣ አምፕሊፋየርና የተለያዩ ስፒከሮች ናቸው፤ ዋጋውም ድካሙም የበዛ ቢሆንም ቀስ በቀስ ሊያድግ የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን የፊት ስፒከሮችና መካከለኛውን፣ በሁለተኛው ሰብዉፈሩን፣ በሦስተኛው የጎን ስፒከሮቹን መግዛት ይቻላል።

በእኛ ቤቶች አብዛኛው የሚታየው የሳተላይት ፕሮግራምና የኢንተርኔት ቪዲዮ ሁለት ቻናል ብቻ ያለው መሆኑም መታሰብ አለበት። አምፕሊፋየሩ ወይም ሳውንድ ባሩ ሁለቱን ቻናሎች ተንትኖ ንግግሩን ወደ መካከለኛው ስፒከር የሚልክ ቅንብር ካለው መካከለኛው ስፒከር ለተራ ዜናም ይጠቅማል። ድምፅን ከላይም ለሚያሰማው ለዶልቢ አትሞስ ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉ ስፒከሮች ግን በዚህ ድምፅ የሚጨምሩት ጥቂት ስለሆነ፣ ፊልም የሚያዩት በአብዛኛው አትሞስ ካለው አገልግሎት ወይም ዲስክ ካልሆነ በስተቀር የመጨረሻ ቅድሚያ ይስጧቸው።

ስለ ዋት በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በካርቶን ላይ «10,000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ምንም የሚገልጽ ነገር የለውም፤ መፈለግ ያለበት ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየው፣ «አርኤምኤስ» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ቁጥር ነው። የኃይል እጥፍ መሆን ድምፁን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ጆሮ «እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚሰማው ጭማሪ ግን 10 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ይህም አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የስሜታዊነት መጠኑ (በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ የሚሰጠው ድምፅ) 88 ዴሲቤል የሆነ አንድ ስፒከር በ1 ዋት ብቻ 2.60 ሜትር ላይ 80 ዴሲቤል ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ለሳሎን ከፍ ያለ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለምሳሌያችን ክፍል በእያንዳንዱ ቻናል 50 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው፤ ከ50 ወደ 100 ዋት ለመሻገር የሚከፈለው ገንዘብ ለመካከለኛው ስፒከር ጥራት ቢውል ይሻላል።

ስፒከሮቹን ሲያስቀምጡ ግራና ቀኙ ከመቀመጫዎ አንጻር ከመካከለኛው መስመር 30 ዲግሪ እንዲርቁ፣ የጎኖቹ ደግሞ ከጆሮዎ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲያርፉ ያድርጉ። ስፒከርን በቡፌ መደርደሪያ ውስጥ አስርጎ ማስገባት ድምፁን እንደ ሣጥን ያስጮኸዋል፤ ግድ ከሆነ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ወደፊት ይሳቡት። ለገመድ፣ እስከ 10 ሜትር ለሚደርስ ርቀት ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ለስላሳ የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ በዚህ ርዝመት የሚኖረው ተቃውሞ ባለ 8 ኦህም ስፒከር ካለው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

የሰብዉፈሩን ቦታ ለማግኘት ሰብዉፈሩን ራሱን እርስዎ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያድርጉት፤ ቤዙ የማያቋርጥ ሙዚቃ ይክፈቱ፤ ከዚያ ዝቅ ብለው በግድግዳዎቹ ጥግ እየተዘዋወሩ ቤዙ እኩልና ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ይፈልጉ። ሰብዉፈሩ የሚቀመጠው እዚያ ነው። በአምፕሊፋየሩ ሜኑ ውስጥ ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ከእሱ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ የሚላክበትን ወሰን፣ በ80 ሄርትዝ ይጀምሩ። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ከሰብዉፈሩ ሥር ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ማድረግ ወደ ወለሉ የሚተላለፈውን ንዝረት ይቀንሳል፤ ሌሊት ደግሞ «ናይት ሞድ» የሚለውን ቅንብር ቢያበሩ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅ ስለሚቀራረቡ ጎረቤት ሳይረበሽ ንግግሩ ይሰማል።

5ኛ ደረጃ፦ ማያያዣውን ማረጋገጥ

ሳውንድ ባር ወይም አምፕሊፋየር ከመግዛትዎ በፊት የቴሌቪዥንዎን ጀርባ ፎቶ ያንሡ። ድምፅ የሚወጣበት ኦፕቲካል ቀዳዳ ብቻ ካለው ባለ ሁለት ቻናልና መደበኛ 5.1 ድምፅ ያሳልፋል፤ አትሞስን አያሳልፍም። ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ በአንዱ ሥር «ኤአርሲ» ተብሎ ከተጻፈ ከኢንተርኔት አገልግሎቶች የሚመጣውን የተጨመቀ አትሞስ ሊያሳልፍ ይችላል። «ኢኤአርሲ» የሚለው ደግሞ በብሉሬይ ዲስክ ላይ ያለውን ያልተቀነሰ ድምፅ ጭምር ያደርሳል። ዲስክ የማያጫውቱ ከሆነ ኢኤአርሲ ስለሌለው ብቻ ቴሌቪዥንዎን አይቀይሩ።

6ኛ ደረጃ፦ ቴሌቪዥኑን መምረጥ

መጠኑን በስሌት ያግኙ። ከዓይንዎ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ወስደው ለ1.6 ያካፍሉ፤ ያገኙትን ደግሞ ለ2.54 ያካፍሉ፤ ውጤቱ ምስሉ 30 ዲግሪ ያህል ዕይታዎን እንዲሞላ የሚያደርገው የኢንች መጠን ነው። በምሳሌያችን፣ 3 ሜትር ላይ 74 ኢንች ይወጣል፤ በገበያው ቋንቋ ባለ 75 ማለት ነው። ሶፋው 40 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ሲሳብ ግን 2.60 ሜትር ላይ 64 ኢንች፣ ማለትም ባለ 65 ይበቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚያውቅ ሰው ሶፋውን ለመግፋት አያመነታም።

የጥራት ቁጥሮችን በተመለከተ፣ ጤናማ ዓይን በባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ በፉል ኤችዲ (1080) እና ነጥቦቹ ይበልጥ በበዙት 4ኬ መካከል ያለውን የነጥብ ብዛት ልዩነት መለየት የሚያቆመው 2.60 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከ4ኬም በላይ ነጥብ ላለው 8ኬ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የለውም። በዓይን የሚታየው ልዩነት የሚመጣው ከኤችዲአር፣ ማለትም በብሩህና በጨለማ መካከል ካለው ስፋት ነው፤ ኤችዲአር የሚል ምልክት ያለው ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ብርሃኑ ደካማ የሆነ ቴሌቪዥን ምልክቱን ይዞ ልዩነቱን ላያሳይ ይችላል። ቀን ቀን ፀሐይ በሚገባበት ሳሎን ብሩህ የኤልኢዲ ቴሌቪዥን፣ መጋረጃ ዘግቶ ማታ ለሚያይ ደግሞ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚያወጣበት ኦሌድ ይመረጣል። 4ኬ ፊልም በኢንተርኔት ለማየት ኔትፍሊክስ የሚመክረው ፍጥነት በሰከንድ 15 ሜጋቢት ስለሆነ፣ የቤትዎን መስመር አስቀድመው በምሽት ሰዓት ይለኩ።

ፕሮጀክተር የሚያስቡ ከሆነ አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። ብዙ አምራቾች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚለው ቅንብር እንዲበራ ያዝዛሉ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሳሳ አየር ፋኑ መሣሪያውን በበቂ ስለማያቀዘቅዘው ይህ ቅንብር ካልበራ አምፖሉ ያለ ጊዜው ይጎዳል፤ ሲበራ ደግሞ የፋኑ ድምፅ ይጨምራል። ጸጥ ያለ ፕሮጀክተር ተብሎ የተሸጠልዎ ዕቃ ደሴ ወይም ጎንደር ሲደርስ ጸጥ ያለ ላይሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቅንብሩን አስበርተው ያዳምጡት።

7ኛ ደረጃ፦ ኤሌክትሪኩን መጠበቅ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ የሚል ኃይል ብዙ መሣሪያ አቃጥሏል። በሁሉም ዕቃዎች ጀርባ የተጻፈውን ዋት ደምረው፣ ከዚያ ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ስታቢላይዘር ይግዙ፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ቢሆን ይመረጣል። ሆም ቴአትሩን ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰኩ።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣልዎ ከሆነ ከመግዛቱ በፊት የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ያድርጉ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርትዝ» የሚል ከሆነ መሰኪያውን ከመቀየር በስተቀር ሌላ አያስፈልገውም። «120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ» ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ 220 ቮልት ወዲያውኑ ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ቮልቱን እንጂ ድግግሞሹን ስለማይቀይር በውስጡ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕሊፋየር ከልኩ በላይ ሊሞቅ ይችላል። በገበያ ላይ ርካሽ ሆነው የሚታዩ ያገለገሉ አምፕሊፋየሮች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

8ኛ ደረጃ፦ ሱቅ ውስጥ መፈተን፣ ቤት ውስጥ ማስተካከል

ወደ ሱቅ ሲሄዱ በደንብ የሚያውቁትን የአማርኛ ድራማ ክፍልና አንድ ጨለማ ትዕይንት በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ የሱቁ ማሳያ ቪዲዮ ማንኛውንም ቴሌቪዥን አሳምሮ እንዲያሳይ የተዘጋጀ ነው። ስፒከሩን ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ይስሙት፤ ዝቅ ብሎ ንግግሩ የሚገባ ስፒከር ቤትዎም ያገለግልዎታል።

ቤት ሲደርስ አምፕሊፋየሩ የመለኪያ ማይክሮፎን ካለው ማይክሮፎኑን በጆሮዎ ከፍታ ላይ አድርገው፣ ፋንና ፍሪጅ አጥፍተው፣ ቤተሰቡ ጸጥ ባለበት ሰዓት ያስለኩት። ውጤቱን ካዩ በኋላ ንግግር አሁንም ከደከመ የመካከለኛውን ስፒከር ብቻ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉት። የተናጋሪው ከንፈርና ድምፁ ካልገጠሙ «ኦዲዮ ዲሌይ» በሚለው ሥር በትንሽ በትንሹ እያስተካከሉ ዜና አንባቢ ፊት ላይ ይፈትኑት። በመጨረሻም እያንዳንዱን የቅንብር ገጽ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ቢመለስ ያን ሁሉ ሥራ ከፎቶው ላይ በአሥር ደቂቃ ይመልሱታል።